24× ወይስ 9×? በትንሽ ገንዘብ የአደን ስኮፕ ስንመርጥ ፊዚክስ ምን ይላል?

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኖቬምበር ገባ ማለት የአጋዘን አደን ገባ ማለት ነው። ደማቅ ብርቱካናማ የለበሱ ሰዎች ጎህ ሳይቀድ ወደ ጫካ ይገባሉ፤ ትምህርት ቤትም ሥራ ቦታም ወሬው እሱው ነው። እዚያ የሚያድጉ የሐበሻ ልጆችም ይህን ወሬ በየዓመቱ ይሰማሉ። ከመካከላቸው አንዱ «ዘንድሮ ልሞክረው» ቢል መደበኛው መንገድ ግልጽ ነው፦ በዚያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1979 በኋላ የተወለደ ሰው የአደን ፈቃድ ለማውጣት መጀመሪያ የጦር መሣሪያ ደህንነት ሥልጠና ወስዶ ማለፍ አለበት።

ሥልጠናው አለቀ፣ ጠመንጃውም ተገኘ እንበል። የቀረው ጠመንጃው ላይ የሚገጠመው የማነጣጠሪያ መነጽር ነው። ሁሉም ሰው ስኮፕ ስለሚለው እኛም ስኮፕ እንበለው። ኪስ ውስጥ ያለው 200 ዶላር ነው። መደርደሪያው ላይ ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ዋጋቸው እኩል ነው። አንዱ ላይ 6-24×50 ተጽፏል፤ ትልልቅ ማዞሪያዎች አሉት፣ በባትሪ የሚበራ መስቀል አለው፣ ሲያዩት ፊልም ላይ ያለውን ይመስላል። ሌላው 3-9×40 ብቻ ይላል። ጥቁር ቱቦ ነው፣ በቃ። ብዙ ጀማሪ እጁን ወደየትኛው እንደሚዘረጋ መገመት አይከብድም።

ቁጥሮቹን ቶሎ እንፍታቸው። ከ× በፊት ያለው ምስሉ ስንት ጊዜ እንደሚጎላ ይነግረናል፤ 3-9 ማለት ቀለበቱን በማዞር ከ3 ጊዜ እስከ 9 ጊዜ ማጉላት ይቻላል ማለት ነው። ከ× በኋላ ያለው ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር።

ምርጫው እንደ ስልክ ምርጫ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ነጭ ጭራ የሚባለው የአሜሪካ አጋዘን ልቡና ሳንባው ያሉበት ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ አንድ ሳህን በሉት። ጥይቱ እዚያ ካረፈ እንስሳው ብዙም ሳይርቅ ይወድቃል። ከዚያ ወጣ ካለ ግን ውጤቱ «ሳትኩት» ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሆዱን ወይም እግሩን የተመታ አጋዘን ጫካ ውስጥ ጠፍቶ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይሠቃያል። ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ያለችን ትንሽ ገንዘብ ጥይቷ ከሳህኑ እንዳትወጣ የምታደርገው የት ላይ ብትውል ነው? መልሱን ቀድሜ ልናገር፤ ማጉላት ላይ አይደለም። ብርሃን ማሳለፍ ላይና ከቦታ አለመነቃነቅ ላይ ነው።

የስኮፕ ዋና ሥራ ማጉላት አይደለም

እስቲ አንድ ጣታችሁን ከዓይናችሁ ፊት በክንድ ርቀት ዘርጉ። ጣታችሁን አተኩራችሁ ስታዩ ከኋላው ያለው ግድግዳ ይደበዝዛል። ግድግዳውን ስታዩ ደግሞ ጣታችሁ ይደበዝዛል። የዓይናችን ሌንስ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንድ ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ያለ ስኮፕ የሚያነጣጥር ሰው ችግሩ ይኸው ነው። አጠገቡ ያለውን የኋላ ማነጣጠሪያ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለውን የፊት ማነጣጠሪያ፣ ከዚያ ደግሞ ሩቅ ያለውን ዒላማ፣ ሦስቱን በአንድ መስመር ማሰለፍ አለበት። ሦስቱንም አጥርቶ ማየት ግን አይችልም።

መፍትሔው የመጣው ከአዳኞች ሳይሆን ሰማይ ከሚያዩ ሰዎች ነው። ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ሁለት ወደ ውጭ ያበጡ ሌንሶች ያሉትን ቴሌስኮፕ በጽሑፍ አስረዳ። በዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ የፊተኛው ሌንስ የሩቁን ነገር ምስል ቱቦው ውስጥ፣ አየር ላይ ይሥለዋል፤ የኋለኛው ሌንስ ያንን ምስል እንደ አጉሊ መነጽር ያሳየናል። ወደ 1640 ገደማ እንግሊዛዊው ዊሊያም ጋስኮይን በቴሌስኮፑ ሲያይ አንድ ቀጭን መስመር ጥርት ብሎ ታየው። ሸረሪት ናት! ድሯን ቱቦው ውስጥ፣ ልክ ምስሉ የሚሣልበት ቦታ ላይ ዘርግታለች። ድሩና የሩቁ ነገር አንድ ቦታ ላይ ስለሆኑ ዓይን ሁለቱንም እኩል አጥርቶ ያያቸዋል።

የማነጣጠሪያ መስቀል የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። ስኮፕ ለአዳኝ የሰጠው ትልቁ ስጦታም ይህ ነው፦ መስቀሉንና አጋዘኑን አንድ ርቀት ላይ ማምጣት። ይህን ደግሞ 1 ጊዜ ብቻ የሚያጎላ፣ ማለትም ጨርሶ የማያጎላ ስኮፕ እንኳ ያደርገዋል።

አንድ ነገር ለኋላ ያዙልኝ። የኬፕለር ምስል የተገለበጠ ነው፤ ሰማይ ለሚያይ ሰው ግድ የለውም፣ አጋዘን እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ ሲሄድ ማየት ግን አይሆንም። ስለዚህ ስኮፕ ውስጥ ምስሉን መልሰው የሚያቀኑ ተጨማሪ ሌንሶች አሉ። እነሱም በትልቁ ቱቦ ውስጥ ባለች ሌላ ትንሽ ቱቦ ውስጥ ተቀምጠዋል። ይህች ትንሽ ቱቦ በኋላ ጉድ ታመጣለች።

ታዲያ ስንት ጊዜ ማጉላት ይበቃል?

ሒሳቡ ቀላል ነው። 200 ሜትር ላይ የቆመን አጋዘን 4 ጊዜ ብናጎላው 50 ሜትር ላይ የቆመ ያህል ይታየናል። 9 ጊዜ ብናጎላው 22 ሜትር ላይ እንዳለ ነው። በ50 ሜትር ርቀት ሳህን የማይታየው ሰው ካለ የሚያስፈልገው ስኮፕ ሳይሆን የዓይን ሐኪም ነው። ዛፍ በበዛበት ጫካ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ 200 ሜትር አሻግሮ ማየት ራሱ አይቻልም።

«ይሁን፣ ግን ከበዛ ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። ይጎዳል። ስኮፕ የሚያጎላው አጋዘኑን ብቻ አይደለም፤ የእጃችሁን መንቀጥቀጥም፣ ትንፋሻችሁንም፣ የልብ ምታችሁንም እኩል ያጎላል። በ24× መስቀሉ አጋዘኑ ላይ ይጨፍራል፤ ጀማሪው ይደናገጥና «አሁን ነው!» ብሎ ምላጩን በድንገት ይስባል። እጁ በ4×ም የሚንቀጠቀጠው ያንኑ ያህል ነው፤ ግን ስለማይታየው ረጋ ብሎ ይስባል።

ሌላው ጉዳት የእይታ ስፋት ነው። ማጉላት በጨመረ ቁጥር የምናየው ቦታ በዚያው ልክ ይጠባል። የተለመደ 3-9×40 በ3× ላይ ሲሆን 100 ሜትር ርቀት ላይ 10 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቦታ ያሳያል። በ24× ግን ይህ ወደ 1.5 ሜትር ይወርዳል። 6-24 የተባለውን ስኮፕ ደግሞ ከ6 በታች ማውረድ አይቻልም። አጋዘኑ በድንገት 20 ሜትር ላይ ከቁጥቋጦ ብቅ ቢል በ6× የሚታየው ቦታ አንድ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሰውየው ስኮፑን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል፤ የሚያየው ቡናማ ፀጉር ብቻ! የትከሻው ይሁን የጭኑ አያውቀውም።

ብርሃኑ የት ይሄዳል?

አጋዘኖች የሚንቀሳቀሱት በአብዛኛው ሲነጋጋና ሲመሻሽ ነው። በሚኒሶታም በብዙ ሌሎች ግዛቶችም ሕጉ አጋዘን ማደን የሚፈቅደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ነው። ሰው «አየሁ መሰለኝ» እያለ የሚሳሳተው በእነዚያ ሁለት ግማሽ ሰዓቶች ነው፤ ስኮፕ የሚፈተነውም ያኔ ነው።

«ትልቅ ሌንስ ብርሃን ይሰበስባል፣ ስለዚህ ጨለማውን ያበራል» የሚል አባባል በየሱቁ ትሰማላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። እንዴት እንደሆነ ለማየት ማንኛውንም ስኮፕ ወይም ሁለት ዓይን ያለውን የርቀት መነጽር፣ ቢኖኩላሩን፣ በክንድ ርቀት ያዙና ወደ ብሩህ ግድግዳ አቅጣጫ አዙሩት። (ስኮፕ ከሆነ ጠመንጃ ላይ ያልተገጠመ መሆን አለበት፤ ወደ ፀሐይ ደግሞ በጭራሽ!) የዓይን በኩል ሌንሱ ላይ አንዲት ክብ የብርሃን ሳንቲም ትታያለች። ከፊት የገባው ብርሃን ሁሉ የሚወጣው በዚያች ሳንቲም ነው። ስፋቷን ለማወቅ የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉላቱ ማካፈል ነው፦ 40 ሲካፈል ለ9፣ 4.4 ሚሊ ሜትር። 50 ሲካፈል ለ24፣ 2.1 ሚሊ ሜትር።

አሁን ከዓይናችን ጋር እናስተያያት። የዓይናችን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ በጨለማ ወጣት ሰው ላይ እስከ 7 ይከፈታል። ፀሐይ ጠልቃ ግማሽ ሰዓት ሲሆነው 6 ደረሰ እንበል። በ24× የሚመጣው የብርሃን ሳንቲም 2.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የብሌናችንን ስፋት አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ምስሉም በባዶ ዓይን ከምናየው በስምንት እጥፍ የጨለመ ይሆናል። 3-9×40ውን 6 ላይ ብናደርገው ግን ሳንቲሟ 6.7 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ ብሌናችን ሙሉ በሙሉ ይሞላል።

እውነቱን ለመናገር 6-24×50ውንም ወደ 6 ብናወርደው ብርሃኑ ይበቃዋል፤ እንዲያውም ሳንቲሟ 8.3 ሚሊ ሜትር ሆና ትርፉ ብሌናችን ዙሪያ ላይ ፈስሶ ይቀራል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ለ24 ከፍለን፣ በዋናው ሰዓት የምንጠቀመው 6 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር አለ። የትኛውም ስኮፕ፣ ሺህ ዶላር ይውጣበት፣ የአጋዘኑን ቆዳ በባዶ ዓይን ከሚታየው በላይ ብሩህ አድርጎ ሊያሳይ አይችልም። በ6× እና በ6 ሚሊ ሜትር ብሌን እንየው። ስኮፑ ባዶ ዓይን ከሚቀበለው 36 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ግን ምስሉን በቁመትም በወርድም 6 ጊዜ ስላሰፋው፣ ያንን ብርሃን ሬቲናችን ላይ በ36 እጥፍ ስፋት ላይ ይዘረጋዋል። 36 ለ36፤ እኩል ነው። በሰፋ እንጀራ ላይ የፈሰሰ ወጥ እንደማለት ነው፤ ወጡም በዛ፣ እንጀራውም ሰፋ።

ታዲያ ሲመሽ በስኮፕ ስናይ የተሻለ የሚታየን ለምንድን ነው? በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የሬቲና ሴሎች ብቻቸውን አይሠሩም፤ ብዙዎቹ ያገኙትን ትንሽ ትንሽ ብርሃን አዋጥተው ነው ለአንጎል መልእክት የሚልኩት። ምስሉ በሰፋ ቁጥር ብዙ ሴሎች ይሳተፉበታል፣ በባዶ ዓይን ጥላ የመሰለው ነገር ቀንድ ሆኖ ይለያል። ስለዚህ ሲመሽ ማጉላትም ይጠቅማል፣ ግን ብሌናችን እስከሞላ ድረስ ብቻ።

ከዚህ አንድ ደስ የሚል ነገር ይወጣል። ዕድሜ ሲጨምር ብሌን እንደ ድሮው አይከፈትም፤ የ60 ዓመት ሰው በጨለማ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። ስለዚህ አባትና ልጅ በአንድ 40 ሚሊ ሜትር ስኮፕ ቢጠቀሙ፣ ልጁ ሲመሽ 6 ወይም 7 ላይ ማድረግ ይሻለዋል፣ አባት ግን ያለ ምንም ኪሳራ እስከ 8 መሄድ ይችላሉ። ለሳቸው ከ40 ወደ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ መሄድ በዚያ ማጉላት ምንም አይጨምርላቸውም፤ ክብደትና ዋጋ ብቻ ነው።

ይኸው ሒሳብ ለቢኖኩላርም ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ አደን በፈቃድ ብቻ የሚካሄድ ስለሆነ አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ምናልባት የምትጠቀሙበት እዚህ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ማልዶ ተነስቶ ቀይ ቀበሮን ወይም የደጋ አጋዘንን ማየት የሚፈልግ ሰው 10×25 የተጻፈበትን የኪስ ቢኖኩላር ቢይዝ ሳንቲሟ 2.5 ሚሊ ሜትር ናት፤ በ8×42 ግን 5.25። ጎህ ሲቀድ ልዩነቱ በአንድ እይታ ይታወቃል።

ከፀጉር የቀጠነ ሽፋን

የመስኮት መስታወት ላይ የራሳችሁን ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ ወይም ሲወጣ 4 በመቶ ያህሉ ይንጸባረቃል። ለመስኮት ችግር የለውም። ስኮፕ ውስጥ ግን ብርሃኑ ብዙ ሌንሶችን ማለፍ አለበት። ከአየር ጋር የሚገናኙ 10 ገጾች አሉ ብንል፣ በእያንዳንዱ 96 በመቶ ብቻ ካለፈ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው 66 በመቶ ነው። ሲሶው ጠፋ! ሁሉም ደግሞ አይጠፋም፤ ከፊሉ ቱቦው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተላትሞ እንደ ጭጋግ ምስሉ ላይ ይረጫል። ፀሐይ ወደምትጠልቅበት አቅጣጫ ስታዩ ምስሉ ወተት የፈሰሰበት የሚመስለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመን የዛይስ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ለዚህ መፍትሔ የፈጠራ ፈቃድ ተመዘገበለት። ሐሳቡ ሌንሱን በጣም ስስ በሆነ ሌላ ነገር መሸፈን ነው። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚውለው ማግኒዥየም ፍሎራይድ ሲሆን፣ ውፍረቱ 100 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሰው ፀጉር ብዙ መቶ ጊዜ የቀጠነ። እንዲህ ሲሆን ብርሃን ሁለት ጊዜ ይንጸባረቃል፤ አንዴ ከሽፋኑ ላይ፣ አንዴ ከሥሩ ካለው መስታወት። ሁለተኛው ወርዶ ሲመለስ ከመጀመሪያው በግማሽ ሞገድ ወደ ኋላ ይቀራል። የአንዱ ሞገድ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር ይገጥማል፣ ሁለቱም ይጣፋሉ። ጉልበት ግን አይጠፋምና ያልተንጸባረቀው ብርሃን ወደ ውስጥ ያልፋል። በአንድ ሽፋን ነጸብራቁ ወደ 1.5 በመቶ ይወርዳል፤ 10 ገጾችን አልፎ የሚደርሰው 86 በመቶ ይሆናል። በብዙ ሽፋን ወደ 0.5 በመቶ ከወረደ ደግሞ 95 በመቶ።

ከ66 ወደ 95! ብሌናችን አስቀድሞ በሞላበት ማጉላት ላይ ሌንሱን ከ40 ወደ 50 ማስፋት ካለው ጥቅም ይህ በጣም ይበልጣል፤ ሳጥኑ ላይ ግን በትንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው። «ኮትድ» ካለ ቢያንስ አንድ ገጽ ተሸፍኗል ማለት ነው፣ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። «ፉሊ ኮትድ» ሁሉም ገጾች አንድ አንድ ሽፋን አላቸው ነው። «ፉሊ መልቲ ኮትድ» ሁሉም ገጾች ብዙ ሽፋን አላቸው ማለት ነው፤ የምንፈልገው እሱን ነው። ቃላቱን ካላመናችሁ የሱቁን መብራት ሌንሱ ላይ ሲንጸባረቅ እዩት፦ ነጸብራቁ ነጭና ደማቅ ከሆነ ሽፋን የለም፤ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ አለ።

ግማሽ ኩንታል የሚሆነው ስኮፕ

አሁን ወደዚያች ትንሽ ቱቦ እንመለስ። ጠመንጃ ሲተኮስ ይራገጣል። ምን ያህል? 10 ግራም የምትመዝን ጥይት በሰከንድ 800 ሜትር ስትወጣ፣ ስኮፑን ጨምሮ 4 ኪሎ የሚመዝነው ጠመንጃ ወደ ኋላ በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ወደዚያ ፍጥነት የሚደርሰው ጥይቷ አፈሙዙን ለቃ እስክትወጣ ባለው ጊዜ ነው፣ ይኸውም ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስንከፍለው ስኮፑ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከመሬት ስበት 150 እጥፍ ገደማ ይሆናል። 400 ግራም የነበረው ስኮፕ ለዚያች ቅጽበት 60 ኪሎ ሆነ ማለት ነው፤ ከግማሽ ኩንታል በላይ! ባሩዱ ወደ ፊት የሚተፋው ጋዝ የሚጨምረውን ገና አልቆጠርንም።

ይህን ሁሉ የሚችለው ማን ነው? ቱቦዋን ደግፋ የያዘች ትንሽ ሞላ፣ ሁለት ማስተካከያ ብሎኖች፣ ሌንሶቹን የያዘው ማጣበቂያ። ምስሉ ከመስቀሉ አንጻር የአንድ ፀጉር ውፍረት፣ 0.08 ሚሊ ሜትር፣ ቢንሸራተት ምን ይሆናል? የፊተኛው ሌንስ ምስሉን የሚሥለው 180 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ላይ ነው ብንል፣ 100 ሜትር ላይ የ4.4 ሴንቲ ሜትር ስህተት ነው፤ 200 ሜትር ላይ 9። ሳህናችን ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዲት ፀጉር ልታወጣን ምንም አልቀራት!

ርካሽ ስኮፕ ብዙ ጊዜ የሚከዳው እዚህ ላይ ነው፤ ክፋቱ ደግሞ በሱቅ ውስጥ አይታይም። 200 ዶላር የሚሸጥ ስኮፕ 24 ጊዜ እንዲያጎላ፣ መስቀሉ እንዲበራ፣ ሦስት ማዞሪያ እንዲኖረው ከተደረገ ወጪው ከአንድ ቦታ መቀነስ አለበት፤ የሚቀነሰውም ከማይታየው ነው፣ ከሞላው፣ ከሽፋኑ፣ ከማጣበቂያው። ቀለል ያለው 3-9×40 በዚያው ዋጋ ለእነዚህ የሚተርፍ ገንዘብ አለው። እኔ ብጠየቅ ቋሚ 4×ንም አልንቅም፤ የሚንቀሳቀስ ሌንስ የለውምና የሚበላሽበት ነገር አነስተኛ ነው። ችግሩ ዛሬ ዛሬ አዲስ ማግኘት ከባድ መሆኑ ነው።

ርግጫ ሌላም ነገር ያሳስበናል። በዓይንና በስኮፑ መካከል ያለው ርቀት ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ የስኮፑ ጠርዝ ቅንድብ ላይ ያርፋል፤ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ያላቸው አዳኞች ለዚህ ምስክር ናቸው። ይህ ቁጥር ሳጥኑ ላይ ይጻፋል፤ ሳታዩት አትግዙ።

ሳንከፍልባቸው ልናልፋቸው የምንችላቸው

በጎን በኩል ያለው ሦስተኛው ማዞሪያ ፓራላክስ የሚባለውን ለማስተካከል ነው። ዓይናችን ከስኮፑ መሐል ወጣ ሲል መስቀሉ ዒላማው ላይ የሚንሸራተት ይመስላል፤ ያ ነው ፓራላክስ። ብዙ የአደን ስኮፖች 100 ያርድ (91 ሜትር) ላይ እንዲጠፋ ተደርገው ከፋብሪካ ይወጣሉ። ከዚያ ውጭ ስህተቱ ምን ያህል ነው? 40 ሚሊ ሜትር ሌንስ ባለው ስኮፕ፣ 200 ያርድ ላይ፣ ዓይናችን በጣም ጠርዝ ላይ ቢሆን እንኳ 2 ሴንቲ ሜትር። ለ20 ሴንቲ ሜትር ሳህን ይህ ምንም ነው።

ትልልቆቹ የላይ ማዞሪያዎችም እንዲሁ። ብዙ የአጋዘን ጠመንጃዎች 200 ያርድ ላይ እንዲመቱ ከተስተካከሉ 100 ያርድ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይመታሉ። ሁለቱም ሳህኑ ውስጥ ናቸው፤ ጫካ ውስጥ የሚዞር ነገር የለም።

ናይትሮጅን የተሞላ መሆኑ ግን አይታለፍ። ከሞቀ ቤት ወደ ብርዱ ሲወጣ ቱቦው ውስጥ ያለው እርጥበት ሌንሱ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ከውጭ ቢጠርጉት አይለቅም። ደረቅ ናይትሮጅን ግን ጤዛ የሚሆን ውሃ የለውም። የኦሪገኑ የሉፖልድ ኩባንያ የስኮፕ ሥራ ታሪክም የሚጀምረው ማርከስ ሉፖልድ ስኮፑ ጭጋግ ይዞበት አጋዘን ከሳተ በኋላ «ከዚህ የተሻለ እኔም እሠራለሁ» ብሎ ተነሳ በሚል ነው። ዛሬ በርካሾቹም ላይ ይገኛል።

200 ዶላሩ እንዴት ይከፋፈል?

ሁሉም ለስኮፑ አይሂድ። ስኮፑን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዙት ቀለበቶችና ብሎኖች ከላሉ ከላይ ያሰላነው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ለነሱ በደንብ መድቡ። ለልምምድ ጥይትም ይተርፍ። ከቻላችሁ ደግሞ ቀላል ቢኖኩላር ጨምሩ፣ ምክንያቱም ስኮፕ ነገርን ለመፈለጊያ አይውልም። በስኮፕ የምታዩት ነገር ሁሉ ላይ አፈሙዙም ዞሯል፤ ቁጥቋጦው ውስጥ የተንቀሳቀሰው ነገር ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል።

ሱቁ ፈቃደኛ ከሆነ ስኮፖቹን ሲመሻሽ በር ላይ ይዛችሁ ውጡ። ሁለቱንም 6 ላይ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ ያለ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ የቆመ መኪና ሥር የወደቀ ካርቶን፣ ለማንበብ ሞክሩ። ቀን ላይ ሁሉም ስኮፕ ያምራል።

ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው። ጠመንጃውን ከረጢት ላይ አስደግፋችሁ 100 ያርድ ላይ ወረቀት መሐል አንድ ጥይት ተኩሱ። ከዚያ ማስተካከያውን 20 ቀጭ ወደ ላይ አዙሩና አሁንም መሐሉን አነጣጥራችሁ ተኩሱ። ቀጥሎ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ፤ በየመሐሉ አንድ አንድ ጥይት። በተለመዱት ስኮፖች 20 ቀጭ 100 ያርድ ላይ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ አራት ማዕዘን ይወጣል። አምስተኛዋ ጥይት የመጀመሪያዋ ቀዳዳ አጠገብ ካላረፈች፣ ደረሰኙ ኪስ ውስጥ እያለ ስኮፑን ይዞ ወደ ሱቁ መመለስ ነው።